የሮብ ውሃ ሰው ሁሉ ደህና ነው

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ውሸት ከቀላቀልኩ ይህ የተቀመጥኩበት ዱካ ከሥሬ ተሰብሮ ይጣለኝ። ዱካው ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ጥሎኛል፤ ያኔ ግን ሌላ ታሪክ ነበር የማወራው።

ስሜ ቢተው ነው። ሮብ ውሃ ከተማ፣ ቀበሌው በር ላይ፣ ዋርካው ሥር ጃንጥላ ተክዬ ለሰው አስተያየት እጽፋለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ስድስተኛን ሦስት ጊዜ ስለተማርኩ ግን ሲደመር ስምንተኛ ይደርሳል። ድሮ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ አሉ። የኔም ሥራ ያው ነው። የእነሱ ደንበኞች ከመንግሥት አንድ ነገር ፈልገው ይመጡ ነበር፤ የኔዎቹ የሚመጡት መንግሥት አስተያየታቸውን ስለፈለገ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2097 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን መንግሥት ሕዝብ ሳያማክር ምንም አያደርግም። ጠዋት ፊትህን ስትታጠብ መስታወቱ ላይ ሦስት የአስተያየት ጥሪ ተለጥፎ ታገኛለህ፤ ሳታነባቸው ፊትህ አይታይህም። ዳቦ ቤት ገብተህ «ሁለት ዳቦ» ስትል፣ ስለ ዳቦ ሽያጭ መረጃ አሰባሰብ አስተያየት አለህ ወይ ትባላለህ። የለኝም ስትል ደግሞ፣ «የለኝም» የሚለው ቅጽ ላይ አስተያየት አለህ ወይ ትባላለህ። አንዱ ጥሪ ቃል በቃል እንዲህ ይል ነበር፦ «ይህን ቅጽ ለመሙላት በአማካይ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል ብለን ገምተናል። ግምታችን ላይ አስተያየት ይስጡ። አስተያየቱን ለመስጠት አሥራ አራት ደቂቃ ይፈጃል።»

ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል። የሮብ ውሃ ሰው በዝምታ በብዙ ነገር ተስማምቷል። ለምሳሌ ድልድያችን ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረው ተስማምተን ነው። አንድ ቀን ጠዋት ገበያ ለመሄድ ስንወጣ ወንዙ ብቻውን ነበር።

ከሁሉ ግን የምናውቀው ጠያቂውን ነው።

ጠያቂው የጤናና ደህንነት መረጃ ሰብሳቢ ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት ዕቃ ነው። ቁመቱ ጄሪካን ያህላል። ከሥሩ አራት ጎማ፣ ከላዩ አንድ ዓይን አለው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቀበሌ ይወጣና ቤት ለቤት ይዞራል። ማንኳኳት አያውቅም። ቁርስ እየበላህ፣ ጺምህን እየተላጨህ፣ ከሚስትህ ጋር እየተጨቃጨቅህ መሃል ገብቶ ይቆማል።

«እንደምን አደሩ። ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ደህና፣ ተመስገን።»

«በቤትዎ ለደህንነት የሚያሰጋ ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም።»

«እናመሰግናለን።» ብሎ ይወጣል። ስምንት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። የሚመዘግበው የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ብታቃስት፣ ብትወድቅ፣ እንደ ተጨማሪ ድምፅ ይቆጠራል።

እኛ አገር ደግሞ ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ አንድ ብቻ ነው። ጋሽ ሸምሱ የሚባል ልብስ ሰፊ ጎረቤት አለኝ። በዚያ ክረምት ጣሪያው ወደቀበት። ጠያቂው ሲገባ ሰው አላየም። «ጤናዎ እንዴት ነው?» አለ ለቆርቆሮው። ከቆርቆሮው ሥር «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፤ አንተስ?» የሚል ድምፅ መጣ። «ለደህንነት የሚያሰጋ ነገር አለ?» «ምንም የለ፤ ትንሽ ጨለም ብሏል እንጂ።» እኛ ደርሰን ስናወጣው እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። መዝገቡ ላይ ግን ጋሽ ሸምሱ ያን ቀን ደህና ነው። ከዚያም በኋላ ደህና ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በሮብ ውሃ አንድም ሰው ታሞ አያውቅም። የሞቱት ሁሉ የሞቱት ደህና ሆነው ነው።

አሁን ስለ እህቴ ልናገር። እህቴ ትብለጥ ትባላለች፤ እኔ እታለም ነው የምላት። እናታችን ቀድማ ስላረፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ለሚፈልግ ብዬ ነው። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ያኔ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጤና ጣቢያ ሄዳ የኩላሊት እጥበት ማሽኑ አጠገብ አራት አራት ሰዓት ትተኛለች። ከተማው ውስጥ ማሽኑን የምትጠቀም እሷ ብቻ ናት። ሌላው ማሽን ያለው ድልድያችን የሄደበት ከተማ ነው። ድልድይ ስለሌለን ደግሞ እዚያ ለመድረስ አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል።

እታለም በየቀኑ ጠያቂው ሲመጣ ነጠላዋን አስተካክላ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትለዋለች። አንድ ሐሙስ ጤና ጣቢያ ድረስ ገብቶ፣ በሁለት ቱቦ ከማሽኑ ጋር ታስራ ደሟ እየወጣ እየገባ ጠይቋታል። «ደህና ነኝ» ነው ያለችው።

አንድ ቀን ሲስተር ሐዊ ዋርካው ሥር መጣች። ሐዊ የጤና ጣቢያው ብቸኛ ነርስ ናት፤ ሐኪሙም፣ ዘበኛውም እሷው ናት።

«ጥሪ ቁጥር አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ስምንትን አንብበኸዋል?» አለችኝ።

«የኔ ሥራ መጻፍ ነው። ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።»

«ቢተው፣ ቀልዱን ተወው።»

ራሷ አነበበችልኝ። «በሮብ ውሃ ከተማ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት አንድም የሕመምና የአደጋ መረጃ ስላልተሰበሰበ፣ የመረጃ አሰባሰቡ ባለበት እንዲቀጥልና የጤና ጣቢያው ዕቃዎች ሕመም ወደሚገኝበት ከተማ እንዲዛወሩ ታስቧል። አስተያየት ያለው በሠላሳ ቀን ውስጥ ያቅርብ።»

«ያንቺ መዝገብስ? ስንቱን አክመሽ የለ?»

«ልኬላቸው ነበር። ‹ይሄ የባለሙያ ግምት ነው፤ ሕመም የሚባለው ታማሚው በገዛ አፉ የተናገረው ነው› አሉኝ።» ጃንጥላዬ ሥር ገባ አለች። «ማሽኑ ከሄደ ትብለጥ ሁለት ሳምንት አትቆይም። አውቀህ ግባበት ብዬ ነው።»

ገና ሳይመሽ ጃንጥላዬን አጥፌ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ቀላሉን መንገድ ሞከርኩ። ወደ ቤት ሄጄ እህቴ ሽንኩርት ስትልጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እታለም፣ ነገ ሲጠይቅሽ አሞኛል በዪው።»

«ማንን?»

«ጠያቂውን።»

«ሕመሜን ለጄሪካን ልንገር?»

«ጄሪካኑ ለመንግሥት ይነግርልሻል።»

«ለመንግሥት ከሆነማ ጭራሽ። ሳያንኳኳ ገብቶ፣ አረፍ ሳይል፣ እህል ውሃ ሳይቀምስ፣ በቁሙ እንዴት ነሽ ላለኝ ሁሉ ሆዴን ልዘረግፍ? ጨዋ ሰው ደህና ነኝ ነው የሚለው።»

«ጨዋ ሆነሽ ልትሞቺ ነው እንዴ?»

«አንተ ባለጌ ሆነህ ኑርልኝ። ያንን ሽንኩርት አቀብለኝ።»

በማግስቱ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ በእጄ ምልክት ሰጠኋት። ሆዴን ይዤ ተጣጠፍኩ፣ ምላሴን አውጥቼ ዓይኔን ገለበጥኩ። አየችኝ። «ደህና ነኝ፤ ወንድሜ ብቻ ትንሽ ነካ አድርጎታል» አለች። ጠያቂው የመጀመሪያዋን ቃል መዝግቦ ሄደ።

ጋሽ ሸምሱን ለመንኩት። ቃል ገባልኝ፤ ሌሊቱን ሲለማመድ አደረ። ጠዋት ጠያቂው ሲመጣ ክራንቹን ተደግፎ ቆመ። «እግሬ...» ሊል አፉን ከፈተ። ላብ በግንባሩ ወረደ። «እ... እንደምን አደርክ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ተቀመጠ። «አልወጣ አለኝ» አለኝ በኋላ። «አላህ ያውቃል፣ እዚህ ጋ ደርሶ ነው የተመለሰው።» ጉሮሮውን አሳየኝ።

የቀረኝ የኔው ሙያ ነው። ለሰባት ቀን ከጃንጥላዬ ሥር አልተነሳሁም። በየቤቱ ያለውን ሕመም ከሐዊ እየጠየቅሁ፣ ባለቤቱን እያስፈረምኩ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት አስተያየት ጻፍኩ። ጣቴ አብጦ ብዕሩን በጥርሴ ይዤ የጻፍኩበት ቀንም አለ፤ ጽሑፌ ያን ቀን አማረ። ስድስተኛ ክፍልን በሦስት ዓመት ስማር በደንብ የያዝኩት የደብዳቤ አጻጻፍን ነው። ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ በር ሰብሮ እንደ መግባት ነው ብለው አስተምረውኛል። ስለዚህ አራት መቶ አሥራ ሁለቱንም እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦

«ለተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ሠራተኞች፣ ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን።»

ከዚያ በታች ኩላሊቱ፣ እግሩ፣ ደም ግፊቱ፣ ሳሉ ሁሉ በዝርዝር ይቀጥላል።

መልሱ በሃያ አንደኛው ቀን በከተማው መስታወት ሁሉ ላይ ወጣ። ጥርሴን እየፋቅሁ ነው ያነበብኩት።

«ለሰጣችሁት 412 አስተያየት እናመሰግናለን። 412ቱም ነዋሪዎች ደህና መሆናቸውን አረጋግጠዋል። ሆኖም ከዚህ በፊት ያልተመዘገበ አንድ ሕመም ተገኝቷል። የሕመሙ ስም፦ ናፍቆት። የተያዙ ሰዎች ብዛት፦ 412። መነሻው፦ ባለሥልጣኑ። ተላላፊነቱ እስኪጣራ ድረስ እጃችሁን ታጠቡ። መርማሪ ይላካል።»

ለካ አስተያየቱን የሚያነበውም እንደ ጠያቂው የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ነው የሚወስደው።

እህቴ መስታወቱ ፊት ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሳቀች። ግድግዳ ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ ከአራት ዓመት ወዲህ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀች። «አንተ ቀልማዳ፣ አገሩን በሙሉ ባለሥልጣን አስናፈቅኸው?» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ አጠር ያለ ነበር፤ ዘጠኝ ቀን ብቻ ቀርቶ ነበርና።

መርማሪው የመጣው በሃያ ዘጠነኛው ቀን ነው። ወንዙን በታንኳ ተሻግሮ፣ ከእግር እስከ ራሱ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ አፍንጫው ላይ ጭምብል አድርጎ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ኖላዊ ይባላል። ዋርካው ሥር ሲደርስ ከኔ ስድስት እርምጃ ርቆ ቆመ።

«ናፍቆቱ መቼ ነው የጀመራችሁ?»

«መሥሪያ ቤታችሁ ከተቋቋመበት ቀን ጀምሮ ነው፣ ጌታዬ።»

«በምን ይገለጻል?»

«ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይብሳል። ስምንት ሰከንድ ቆይቶ ይለቃል።»

ጻፈው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስካሁን እኛን ማንም ናፍቆን አያውቅም» አለ። «ዋና ዳይሬክተሩ ሪፖርቱ ሲደርሳቸው ለብቻቸው ወደ በረንዳ ወጡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።»

ሰላምታ ነው ብዬ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሐዊ ከጎኔ ቆማ እግሬን ረገጠችኝ። ሰላምታ መሆኑን ከሰማ ተመልሶ ታንኳው ላይ ይወጣል፤ በማግስቱም ቀኑ ያልፋል። ዝም አልኩ። ዝም ስል እህቴ ብታየኝ ትታመም ነበር።

«እንግዲህ ቤት ለቤት እየዞርኩ በሽተኞቹን ልጠይቅ» አለ። እኔም መንገድ መሪ ሆኜ ተከተልኩት።

መጀመሪያ ጋሽ ሸምሱ ቤት ገባን። እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተኝቷል።

«ጤናዎ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ልጄ። አንተስ? ቤተሰብ ደህና? መንገዱ ደህና?»

«ክራንቹ የማን ነው?»

«እሱ? የቤት ዕቃ ነው።»

ኖላዊ ቅጹ ላይ «ደህና» ብሎ ምልክት አደረገና ተነሳ። እንግዳ ደግሞ ብቻውን አይወጣም። ጋሽ ሸምሱ እያቃሰተ ከአልጋው ወርዶ፣ «የቤት ዕቃውን» በብብቱ ይዞ፣ እያነከሰ እስከ ግቢው በር ሸኘው። በሩ ላይ እጁን ያዘው። «በል እንግዲህ፣ በሰላም ግባ» አለ። እጁን ግን አልለቀቀውም።

«ይኸውልህ እንግዲህ፣ እኔም እንዲህ ሆኜ ቀረሁ» አለ ወደ መንገዱ እያየ። «አጥንቱ አልገጠመም። ይጠዘጥዘኛል። የስፌት መኪናውን ፔዳል ከረገጥኩ አምስት ወር ሆነኝ። ለሚስቴ ደንበኛ ጠፋ ነው የምላት።»

ሃያ ደቂቃ ያህል አወራ። ኖላዊ መጀመሪያ እጁን ሊያስለቅቅ ሞክሮ ነበር፤ በኋላ ጭምብሉን ዝቅ አደረገ።

ሁለተኛው ቤት እትዬ ዘርፌ ቤት ነበር። በርበሬ ነጋዴ ናት። ቤት ውስጥ «ድንቅ ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» አለች፤ በርበሬ አስነጠሰንና ወጣን። በሩ ላይ ስትደርስ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ጡቷ ላይ አንድ እብጠት ካገኘች ሦስት ወር እንደሆናት፣ ለማንም እንዳልተናገረች ነገረችው። ለሐዊም አልነገረቻትም፤ ሐዊ ስትመጣ መርፌዋን ይዛ ውስጥ ትቀመጣለች እንጂ እስከ በር ሸኙኝ አትልም።

እንዲህ እያልን ሰባት ቤት ዞርን። ቤት ውስጥ የሰማነው ሕመም ዜሮ፤ በር ላይ የሰማነው ሠላሳ አንድ። ኖላዊ በስምንተኛው በር ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ነጩ ልብስ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ሆኗል።

«ለምንድን ነው ውስጥ የማይነግሩኝ?»

ይህን በሕይወቴ አስቤበት አላውቅም። እኔም ራሴ ስንቱን ነገር በር ላይ ተናግሬ ይሆን።

«ውስጥ ከነገሩህ እርዳኝ ያሉህ ይመስላቸዋል» አልኩት። «አንተም ለመሄድ ታፍራለህ። በር ላይ ግን ልትሄድ ነው። ሊሄድ የተነሳ ሰው ላይ ሸክም አልጫንም ብለው ነው።»

«ልጽፈው አልችልም።» ቅጹን አሳየኝ። «በቤት ውስጥ የተሰጠ መልስ ነው የሚለው። በር ማለት ደግሞ ከቤት ውጭ ነው። ቅጹን ለመለወጥ የሕዝብ አስተያየት ያስፈልጋል።»

«እስከ መቼ ነው ጊዜው?»

«እስከ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት።»

ነገ ሐሙስ ነበር፤ የእህቴ ቀን። ጤና ጣቢያ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ወረቀት ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። ማሽኑ ጉርርር ይላል። የመጀመሪያዋ መስመር ብቻ ነው የሚነበበው፤ ስለዚህ ሰላምታ አይኖርም። ይህን ለመወሰን አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። እጄ በራሱ «ለጤናችሁ» ብሎ ይጀምራል፣ እሰርዛለሁ፤ እንደገና «ለጤናችሁ» ይላል፣ እሰርዛለሁ። አምስት ወረቀት ተበላሸ። እህቴ ከትራሷ ላይ አንገቷን አስግጋ ተመለከተችኝ።

«ሰላምታ የለውም?»

«የለውም።»

«እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩህ?»

«ተይኝ እባክሽ፣ እታለም።»

ድምፄን ሰምታ ነው መሰለኝ፣ ቱቦ በሌለው እጇ ወረቀቱን እንዳይንሸራተት ያዘችልኝ። የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ጠያቂው ጠይቆ ሲጨርስ ይሰናበት፤ በር ላይ ይቁምና ይጠብቅ፤ እዚያ የሚነገረውን ይጻፍ።» አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ኖላዊ ተቀብሎ ላከው።

እሱ ሲሄድ እኔና ሐዊ እስከ ጤና ጣቢያው በር ሸኘነው። ቦርሳውን ትከሻው ላይ አደረገ። «ደህና ሁኑ» አለ። አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ።

«እኔም...» አለ ወደ ወንዙ እያየ። «እናቴ ካረፈች ሰባት ወሯ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሪፖርቱ ላይ ናፍቆት የሚለውን ሳይ እኔ ልሂድ ያልኩት ለዚህ ነው።»

ሐዊ እጁን ያዘች። ባለታንኳው ሁለት ጊዜ ጠርቶት ሳይሄድ ቀረ፤ በሦስተኛው ሄደ።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ሐሳቡ ለሙከራ ተቀባይነት አግኝቷል። የማንኛውም ዕቃ ዝውውር ለጊዜው ቆሟል፤ በሙከራው ሳምንት ግን ለእያንዳንዱ ዕቃ ቢያንስ አንድ ታማሚ በገዛ አፉ መመዝገብ አለበት። ታማሚ ያልተገኘለት ዕቃ ይሄዳል። ይህ ማለት አልጋው በጋሽ ሸምሱ ሊድን ይችላል፣ መድኃኒቱ በሌላው ሊድን ይችላል። የኩላሊት ማሽኑን ግን ከእህቴ በስተቀር የሚያድነው የለም።

ሰኞ ጠዋት ሙከራው ተጀመረ። ጠያቂው እንደ ልማዱ ሳያንኳኳ ገብቶ ይጠይቃል፣ «ደህና» ይባላል፣ «በሉ ደህና ዋሉ» ይልና እስከ በር ይንከባለላል። እዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ሰው መጀመሪያ ተሸማቀቀ። ግን ጄሪካንም ቢሆን እንግዳ እንግዳ ነው፤ ሳይሸኙት ቀሩ መባልን ማን ይፈልጋል? ተነስተው ተከተሉት። ከዚያ የዘጠኝ ዓመቱ ሕመም ወጣ። የመጀመሪያው ቀን እስከ ቀትር የዞረው ሦስት ቤት ብቻ ነው። አራተኛው ቤት በር ላይ ኃይሉ አልቆ በጋሪ ወደ ቀበሌ ተመለሰ። በሳምንቱ መጨረሻ ሮብ ውሃ ከአገሪቱ ከተሞች በሕመም ብዛት አንደኛ ወጣች። ዋንጫ አይሰጥም እንጂ። እትዬ ዘርፌ ወዲያው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከች፤ እብጠቱ በጊዜ ወጣላት፤ ዛሬም በርበሬዋ ያስነጥሳል። ዓርብ ዕለት ደግሞ ጠያቂው ጋሽ ሸምሱን በር ላይ ሃያ ደቂቃ ካዳመጠ በኋላ፣ «የኔም የኋላ ቀኝ ጎማ ትንሽ ያመኛል» አለው። ይህን ማንም አያምነኝም።

እኛ ቤት የመጣው የመጨረሻው ቀን ነው። ተራው እስኪደርስ ስድስት ቀን በሩን ሳይ ቆየሁ።

«ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች እህቴ።

«በሉ ደህና ዋሉ።» ወደ በሩ ተንከባለለ። ቆመ።

እታለም ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፤ እኔም ከኋላዋ። ደፉ ላይ ደረሰች። ጠያቂው ጀርባውን ሰጥቷል። ጎረቤት የሆነ ሰው ልብስ ሲያሰጣ ይሰማል። ጠያቂው ሊሄድ ጎማውን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አደረገ።

«ኩላሊቶቿ... ኩላሊቶቼ ሥራ ካቆሙ አራት ዓመት ሆናቸው» አለች። «ማሽኑ ከሄደ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። በየቀኑ ሲነጋ እሱን ነው የማስበው። ቀን ቀን እስቃለሁ፣ እቀልዳለሁ። እፈራለሁ ግን። በጣም እፈራለሁ።»

ጠያቂው መዘገበ። ማሽኑ ቀረ። ይኸው እስከ ዛሬ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጉርርር ይላል፤ እህቴም ከሱ አጠገብ ተኝታ ስለኔ ለሐዊ ታማኛለች።

አሁን ዱካው ሲጢጥ ማለት ስለጀመረ ሳይጥለኝ አንዲት ነገር ላርም። የፈጠርኩት አንድ ነገር አለ። የጎማው ነገር አይደለም፤ እሱ እውነት ነው፣ ጋሽ ሸምሱን ጠይቁት። ድልድዩም እውነት ነው።

በር ላይ የተናገረችው እህቴ አይደለችም። እሷ እንደ ጨዋ ሰው እስከ ደፉ ሸኝታው፣ ደህና ዋል ብላው፣ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ከበሩ ያልሄድኩት እኔ ነበርኩ። ስናገር መጀመሪያ ላይ አፌ ተሳስቶ ነበር፤ አርሜ ቀጠልኩ። ከተናገርኩት ውስጥ ኩላሊቱ የሷ ነው፤ የቀረው የኔው ነው።

ጠያቂው ዞሮ በአንድ ዓይኑ አየኝ። «ስም?» አለ።

የሷን ስም ነገርኩት።